ከወፍጮው በኋላ ያለው መንገድ

ስቶን ማውንቴን፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017

ለእህቴ ለአያንቱ፤

የስቶሩን በር ክፍት ትተሽ የሄድሽው አንቺ አይደለሽም። የየሺእመቤትን ብስክሌት ያወጣሁት እኔ ባሏ ነኝ።

ሰላምታ ማስቀደም እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ሰላምታ ካስቀደምኩ ግን ይህን ሳልጽፍ ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆኖብኝ ቀድጄዋለሁ። እንግዲህ አሁን ከጻፍኩት ወዲያ፣ እንዴት ከርመሻል? የሚኒሶታ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

ለየሺ ሁለተኛ ሙት ዓመት አስበሽ የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። ስከፍተው ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ። «ይህን ቁልፍ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። በሩን በደንብ ቆልፌ ቢሆን ኖሮ የሺ ብስክሌቷን አታጣም፣ እኔም የሺን አላጣም ነበር። ጋሽ ሙላው፣ በእሷ ቦታ ሆነው ይቅር ይበሉኝ» ብለሽ ጽፈሻል። ይቅርታ የጠየቅሽው ሌባውን ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። አንቺ ቅዳሜ ከሰዓት የጎማ መንፊያውን መልሰሽ፣ ቆልፈሽ ሄድሽ። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል በመስኮት ሰምቻለሁ። እሑድ ጠዋት የሺ ለቅዳሴ ስትነሣ ጀርባዬን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እንደወጣች ቁልፏን ከወጥ ቤቱ ሚስማር ላይ አነሣሁ፣ ብስክሌቱን አወጣሁ፣ በምሠራበት የካርቶን ፋብሪካ ቫን ውስጥ አስተኝቼ ወሰድኩት። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ጓጉንቸሩን አንጠልጥዬ ተውኩት። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። የሺ ስትመለስ ስቶሩን ገና አላየችም። ከቤተ ክርስቲያን ለጀርባዬ እምነት ይዛልኝ መጥታ ነበር። በውኃ በጥብጣ፣ በስመ አብ ብላ፣ ያልታመመ ጀርባዬን ቀባችው። እጇ ሙቅ ነበር።

ምን ነካህ ትይኛለሽ። የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ እኔ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ፤ ማኅበሩን የምመራ፣ የተጣላ የማስታርቅ። በዚያው ሰሞን ማኅበርተኛችን ተስፋጽዮን ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ እሱ «ሙሴአችን፣ ባለቤትዎን ተራራው ጋ በብስክሌት አየናት። እርስዎ ከኋላ ተፈናጠው ነበር ወይስ እየሮጡ ነው የሚከተሏት?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሌላዋ ማኅበርተኛ አበዛሽም «በሃምሳ ስምንት ዓመቷ! በሱሪ!» ብላ ጨመረችበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው የደበቅሁት።

ለሳምንት ብዬ ነበር። ወሬው ሲበርድ «ተገኘ» ልላት። ሰኞ ፖሊስ ጠራች። ማክሰኞ አንቺ መጣሽ። «ቁልፉ ከእኔና ካንቺ በቀር ማን ጋ አለ?» ስትልሽ ወጥ ቤት ቆሜ ውኃ እየጠጣሁ ነበር። መውጣት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ብርጭቆዬን ሞላሁና ደግሜ ጠጣሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስለማላምነው ነው። ስታለቅሺ ብሰማ ቃሌን እለውጥ ነበር።

ሙላው


ስቶን ማውንቴን፣ ማርች 19 ቀን 2017

ለእህቴ ለአያንቱ፤

ሁለት መስመር ጽፈሽልኛል። ሰላምታ የለበትም፤ ቅር አላለኝም። ወረቀቱን አየሁትና እጅሽ ጠንከር ብሎ እንደጻፈ በጣቴ ዳሰስኩት።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፤ አልሸጥኩትም፣ አልጣልኩትምም። ሸምሰዲን ጋራዥ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። ሸምሰዲን የወሎ ልጅ ነው፣ እዚሁ ስቶን ማውንቴን መኪና ይሠራል። ያን እሑድ «ለባለቤቴ ድንገተኛ ስጦታ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ደብቅልኝ» አልኩት። «አማና ነው ጋሼ፣ አደራውን በዐይኔ ብሌን እጠብቃለሁ» አለኝ። ብዙ የተነዳ ጎማ እያየ ስለ አዲስ ስጦታ ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም። በዓመት ሁለቴ ጎማውን ይነፋል፣ ካቴናውን ዘይት ይቀባል። የሺ ያረፈች ጊዜ ለቅሶ ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ብዙ ቆይቶ ጆሮዬ ላይ «ጋሼ፣ ስጦታውስ ምን ይሁን?» አለኝ። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ስለ ሚስቴ የማለቅስ መስሎት አጽናናኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፤ ታውቅ ነበር ወይ ብለሻል። አላውቅም። የማውቀውን ልንገርሽ። ሆስፒታል ሳለች፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱን እያየች፣ «ሙላው፣ ብስክሌቴን የወሰደው ሰው እየነዳው ይሆን?» አለችኝ። «ይነዳው ይሆናል» አልኳት። «ይሁን። እንዳይዝግ ብቻ» አለች። ዞር ብላም አላየችኝ። በማግስቱ ሸምሰዲን ጋ ሄጄ ካቴናውን ራሴ ቀባሁት። እጄ ላይ የቀረውን ጥቁር ዘይት አጥቤ አጥቤ፣ ሆስፒታል ስመለስ ጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሎ ነበር። እጄን ይዛ ነው የዋለችው። ዐይታው እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ጾሙ ጀምሯል። የምጾመው ምን እንደሆነ ዘንድሮ ግራ ገብቶኛል። ከሥጋና ከወተት መራቅ ለእኔ ከባድ ሆኖ አያውቅም።

ሙላው


ሚኒያፖሊስ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2017

ጋሽ ሙላው፣

እንደምን አሉ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ እንደ እርስዎ ልዝለለው። የመጀመሪያውን ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ ነው። የምሠራው ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው። ሱፐርቫይዘሬ «አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ ሽንኩርቱ ነው አልኳት። ያን ቀን የምንሠራው ጄሎ የሚሉትን ጣፋጭ ነበር።

ያን ሰሞን ምን እንደሆንኩ አያውቁም። የማኅበራችሁ ሴቶች ሀበሻ ሱቅ ውስጥ ሲያዩኝ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ይስቡ ነበር። እኔ የናንተ ማኅበርተኛ አይደለሁ፣ የነቀምቴ ጴንጤ፤ ማን ይከራከርልኛል? አበዛሽ «ቁልፍ የያዘ ሰው በር አይሰብርም» አለች ብለው ነገሩኝ። መጀመሪያ አለመስረቄን አውቅ ነበር። እያደር ግን በሩን አልቆለፍኩም ማለት ነው ብዬ አመንኩ። እጄ ጓጉንቸሩን ሲዘጋ አስታውሳለሁ፣ ግን እጄን ማመን ተውኩ። እስካሁን የቤቴን በር ሦስቴ ሳልነካ አልሄድም። የራሴን ብስክሌት ለጎረቤት ሰጠሁ። ለሥራ ነው ብዬ ሚኒሶታ መጣሁ።

የሺ ምን እንደሰጠችኝ ልንገርዎት? በአርባ አራት ዓመቴ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ስታስተምረኝ፣ «ባሕር ዳር እኮ ነፍሰ ጡር ትነዳዋለች፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው!» እያለች ትጮኽብኝ ነበር። ከዚያ ከአትላንታ በስተሰሜን ያለውን አገር አሳየችኝ። ሁለት ሰዓት ነድተን፣ መኪናውን አሮጌው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ጋ ፓርክ አድርገን፣ የቻታሁቺን ወንዝ ይዘን ወደ ሸለቆው እንገባለን። አስፋልት የለም፣ ኮረኮንች ብቻ። ጫካው ከላያችን ይገጥማል፣ ወንዙ በቀኝ ያወራል። ከሰው ዕድሜ በላይ የቆዩ መንደሮች፣ በረንዳ ላይ ብቻውን የሚወዛወዝ ወንበር። የሺ የስልክ ማፕ አትወድም፤ «ስልክ የሚያውቀው ስም ነው፣ መንገዱን አያውቅም» ትላለች። በደብተሯ ነበር የምትጽፈው። ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ቀዩ ጎተራ ጋ ወደ ግራ። ውሻ አለች፣ ቤስ ትባላለች፣ በስሟ ጥሪያት። ጣሪያ ያለው ድልድይ ላይ ውረጂ፣ የሳንቃው ስንጥቅ ጎማ ይይዛል። ከዳገቱ በፊት ዳቦ ቆሎ ብዪ።» ደብተሩ የሚያልቀው አሮጌው የውኃ ወፍጮ ጋ ነው። ከወፍጮው በኋላ ያለውን ቅጠሉ ቀለም ሲለውጥ፣ ኦክቶበር ላይ፣ አብረን ብለን አስቀመጥነው። ኦክቶበር ሲመጣ ብስክሌቱም የለም፣ እኛም የለንም።

ሁለት ነገር እጠይቅዎታለሁ። አንድ፣ ለእኔ የነገሩኝን ለእነዚያ ቦርሳ ለሚያቅፉት ይንገሩ። እኔማ አሁን አወቅኩ፤ እኔ ብቻ ማወቄ ግን ስሜን አይመልስልኝም። ሁለት፣ የሺ ሆስፒታል እያለች በእርስዎ አድራሻ ደብዳቤ ልኬላት ነበር። መልስ አላገኘሁም። አነበቡላት?

አያንቱ


ስቶን ማውንቴን፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2017

ለእህቴ ለአያንቱ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉን ቆሜ አሳለፍኩ፣ ስገባ ቤቱ ባዶ ነው፤ አንድ እንቁላል ቀቅዬ ፈሰክሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ወደ ጥያቄሽ ላለመድረስ እየዞርኩ ስለሆነ ነው።

አንብቤላታለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም።

«በሩን ሳልቆልፍ ሄጄ ከሆነ ይቅር በይኝ» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ዘለልኳት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ሳነብ መስመሩን በጣቴ ነው የምከተለው። ጣቴ ሲዘል አይታ ይሆን? ዐይኗን ጨፍና ነበር። ጨርሼ ሳጥፈው «ሌላ የለውም?» አለችኝ። «የለውም» አልኳት።

ከዚያ መልስ ሰጠችኝ፤ ይኸው ሁለት ዓመት አልፎት እኔው ጋ ነው። የአፏን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው፦ «ለአያንቱ ጻፍላት። ቁልፉን የጠየቅኋት ቀን ምነው አፌን በቆረጠው በላት። ቢጠፋስ፣ ብረት አይደለም ወይ? ደብተሩን ስጣት። ከወፍጮው በኋላ ያለውን እሷ ታየዋለች።»

ያን ጊዜ ይህን ብጽፍልሽ ትመጪ ነበር። መጥተሽ ከጎኗ ትቀመጪ ነበር፣ ሁለታችሁም ስለ በሩ ታወሩ ነበር። ወሬው ደግሞ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ «እሺ፣ እጽፍላታለሁ» አልኳትና ሳልጽፍ ቀረሁ። ብስክሌቱን ወስጄ ያደረስኩብሽ አንድ ነው፤ ይህ ግን የሚበልጥ ነው። የመጨረሻ ቃሏን ነው የወሰድኩብሽ።

አንድ ሌላ አለ፤ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ከተጀመረ ይውጣ። ሰው ምን ይላል ብዬ እንደደበቅሁት ጽፌልሽ ነበር። ለንስሐ አባቴም የነገርኩት ይኸንኑ ነው። በሱባዔው ስመረምረው ግን ሙሉው እሱ አይደለም። እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም። የሺ አንድ ሐሙስ ቀን ላስተምርህ ብላ ሰው የሌለበት ፓርኪንግ ወሰደችኝ። ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ነበር፤ አንቺንም እንዲሁ እንዳደረገችሽ አሁን ካንቺ ሰማሁ። የቆሻሻ ገንዳው ጋ ወደቅሁ። ሳቀች። ክፋት የለበትም፣ የሷ ሳቅ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን አቧራዬን አራግፌ በእግሬ ወደ መኪናው ሄድኩ፤ ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ ካንቺ ጋር ከሸለቆው ስትመለሱ ልብሷ ጭቃ፣ ፊቷ ብርሃን ሆኖ ትገባለች፤ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ያልሰጠኋትን ደስታ አያለሁ። ተስፋጽዮን ባይቀልድብኝ ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ማኅበሩ ላይ እናገራለሁ። መቼ እንዳትዪኝ።

ሙላው


ስቶን ማውንቴን፣ ጁላይ 2 ቀን 2017

ለእህቴ ለአያንቱ፤

ላለፈው ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ዝምታሽንም እንደ መልስ ተቀብዬዋለሁ። ግን መቼ እንዳትዪኝ ብዬሽ ነበርና፣ መቼ እንደሆነ ልነግርሽ ይገባል።

ቀድሜ ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ እንደ አዲስ ተናዘዝኩ። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጉልበቴን ሳስብ፣ «ስግደት አልሰጥህም፤ ስግደት ለአንተ ቀላል ነው። የወሰድከውን መልስ» አሉኝ።

የሰኔ ሚካኤልን ማኅበር ያወጣችው አበዛሽ ነበረች። ጽዋው ከመቀዳቱ በፊት ሙሴው ቆሞ «ከመካከላችሁ የተጣላ፣ የወንድሙን ነገር የያዘ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በየወሩ ስጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። ያን ዕለትም ጠየቅሁ። እኔ ራሴ «አለ» አልኩ።

ተስፋጽዮን ሳቅ ብሎ «ምነው ሙሴአችን፣ ዛሬ ራስዎ ጠይቀው ራስዎ ሊመልሱ ነው?» አለ።

«አዎ ልጄ» አልኩት።

የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስምሽን ሦስት ጊዜ ጠራሁ፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል። አበዛሽ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ተስፋጽዮን ጫማውን እያየ «እኔ እኮ ለቀልድ ነበር...» አለ። «ቀልዱ ያንተ ነው፤ ሥራው ግን የእኔ ነው» አልኩት። ሙሴነቱን አውርጄ ጽዋውን አስረከብኩ። ማንም ውጣ አላለኝም። ማንም ደግሞ ከአጠገቤ አልተቀመጠም። ዳቦው ሲታደል ድርሻዬን በናፕኪን ጠቅልለው ሰጡኝ፤ መንገደኛ እንደሚሸኝ። መኪናዬ ውስጥ በላሁት።

ካለፈው ሳምንት ወዲህ ስልኬ አይጮኽም። ቀድሞ እሑድ እሑድ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ፣ አንዱ ልጁ አስቸግሮት ይደውልልኝ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ነው። የየሺን ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ስቤ መልሼ አስገባሁት። አልተከፋሁም። ይህ ዝምታ አንቺ ጋ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጦ ነበር፤ ባለቤቱ ጋ መጣ።

ሙላው


ሚኒያፖሊስ፣ ኦገስት 20 ቀን 2017

ጋሽ ሙላው፣

እንደምን ከርመዋል? ዛሬ ሰላምታው ወጣልኝ።

አበዛሽ ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘችው እንጃ። አርባ ደቂቃ አለቀሰች፤ እኔ ስፒከር ላይ አድርጌያት ዕቃ አጠብኩ። «አያንቱዬ፣ ምን ልካስሽ?» ስትለኝ «ቦርሳሽን ልቀቂው» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔም አለቀስኩ።

በጋው ሙሉ ያልጻፍኩልዎት የየሺን ቃል በአንዴ መዋጥ ስላልቻልኩ ነው። «ምነው አፌን በቆረጠው»። እሷ ያለችው ይኸ ነው፣ ድምፅዋ ሁሉ ተሰማኝ። ለካ ስለ እሷ አላለቀስኩም ነበር። እስካሁን ያለቀስኩት ስለ በሩ ነው። ለቅሶዋን የተቀመጥኩት ገና ጁን ላይ ነው፣ ብቻዬን፣ አንድ ቀን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀርቼ።

ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ ያንን ስላልጠየቁ አመሰግናለሁ። ቃሉ አፌ ላይ አለ። ልቤ ገና ዳገቱን እየወጣ ነው፣ ሰው ከኋላ ሆኖ ቶሎ በይ እንዲለው አይፈልግም። ወደ አትላንታ ዘንድሮ አልመጣም። የሚቀጥለውን ዓመትም አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሌሊት ሌሊት እየመጣ ይጠይቀኛል፤ እርስዎ ደግሞ ቅርብ ነዎት። ቀዩ ጎተራ አሁንም አለ?

አያንቱ


ስቶን ማውንቴን፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2017

ለእህቴ ለአያንቱ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ለደብዳቤሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ከዚህ ቁጭ ብዬ መመለስ አልቻልኩም። ሄጄ ነው ያየሁት።

ሸምሰዲን ብስክሌቱን ከጣሪያው ሲያወርደው «ጋሼ፣ ሳምንቱ ሞላ?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። የእጁን መጥረጊያ ጨርቅ አጣጠፈና፣ «እኔም ከመጀመሪያው ጎማው ላይ ጭቃ አይቻለሁ። አማና ነውና አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። ከእኔ ሌላ ደግሞ አንድ ሰው አስሬ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ብስክሌቱን ጭኜ ወደ ሰሜን ሄድኩ። የእንጨቱ ቤተ ክርስቲያን ጋ ፓርክ አደረግኩ። መንዳት ስለማልችል መሪውን ይዤ በእግሬ ገባሁ፤ ደብተሩ በደረት ኪሴ። አያንቱ፣ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ያየሁትን እናንተ ስታወሩ ሰምቼው አውቃለሁ፤ የዛፍ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ቅጠሉ ቀልቷል፤ ኮረኮንቹ ላይ ረግፎ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። የወንዙ ድምፅ እናንተ እንዳላችሁት በቀኝ ነው።

የሚያልፍ ብስክሌተኛ ሁሉ ይቆማል። «ጎማህ ተንፍሶ ነው? መንፊያ አለን» ይላሉ። አይደለም እላለሁ። «ካቴናው ነው?» አይደለም። ስድስተኛው፣ ጢሙ ሽበት የሆነ ፈረንጅ፣ ግራ ተጋብቶ «ታዲያ ለምን ትገፋዋለህ?» አለኝ። «መንዳት አልችልም» አልኩት። በሕይወቴ ይህን ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «ጥሩ ብስክሌት ነው» አለኝና ሄደ።

ጎተራው አለ። ቀይነቱ ግን ፀሐይ ወስዶታል፣ ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ነው፤ ከበሩ በላይ ብቻ ቀይ ቀርቷል። የሺ የጻፈችውን ካላነበቡ በስተቀር ያልፉታል። ቤስ ሞታለች። ባለቤቷ አሮጊቷ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ብስክሌቱን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። የሺ በኪሷ ይዛ የምትመጣውን ዳቦ ቆሎ ስሙን አያውቁትም፤ በጣታቸው መጠኑን ሠርተው «ያቺ ትንሽ ጠንካራ ብስኩት» አሉኝ። «ሁለቱ ሴቶች የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝ። አንዷ አርፋለች፣ አንዷ ሩቅ አገር ናት አልኳቸው። «የምትስቀው ናት ያረፈችው?» አሉ። አዎ አልኩ። ውኃ ሰጡኝ።

ጣሪያ ያለው ድልድይ ላይ የሳንቃው ስንጥቅ እንዳለ ነው። ወፍጮውም አለ፣ የውኃ መዘውሩ ግን አይዞርም፣ የድንጋይ ሽበትና አረግ ወርሶታል። ጉልበቴ እዚያ እስኪያደርሰኝ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ገለጥኩ። የመጨረሻው ጽሑፍ «ወፍጮ። ከዚህ ወዲያ ከአያንቱ ጋር» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እርሳስ ይዤ ነበር የሄድኩት። ቀሪውን ሄጄ፣ ምልክቱን ጽፌ፣ ሙሉ አድርጌ ልልክልሽ አስቤ ነበር። መልካም ሥራ መስሎኝ። መንገዱ ከወፍጮው ጀርባ ታጥፎ ወደ ጫካው ሲገባ አየሁት። ተነሥቼ አንድ ሃያ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ይህም ያው ስርቆት ነው አልኩ፤ ቆምኩ፤ ብስክሌቱን አዞርኩ። ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ አላየሁም።

የፋብሪካው ሥራዬ ለሰው ዕቃ ልክ ካርቶን መቁረጥ ነው። ብስክሌቱን ላንቺ ለምልክበት ካርቶን ሦስት ምሳ ሰዓት ፈጀሁ። ሸምሰዲን ፔዳሎቹን እንዴት እንደሚፈቱ አሳየኝ፤ የግራው በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ ስትመልሺው እንዳትረሺ። መሪውን ወደ ጎን አጥፈነዋል፤ ቸርኬዎቹን በስፖንጅ ለያይቻቸዋለሁ። ጎማው ላይ ያለውን ጭቃ አላጠብኩትም፤ የእኔ ጭቃ ከላይ ነው፣ ከሥሩ ያለው የሷ ነው። ደብተሩ ኮርቻው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሏል። ቁልፉን ግን አልላክሁልሽም። እሱን ይዞ መዞር የእኔ ተራ ነው።

ትምጪ አትምጪ፣ ትንጂው አትንጂው አልልሽም። አንዲት ቃል ብቻ ልጨምር ነበር፣ እሷንም ተውኳት።

ዛሬ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ጭነት ቢሮው ወሰድኩት። ፎርሙ ላይ የላኪ ስም የሚለው ጋ ስደርስ ቆየሁ። ዕቃው የሷ ነው፣ ቃሉም የሷ ነው ብዬ የየሺእመቤትን ስም ልጽፍ እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ ልጅቷም «ሰር?» አለችኝ። በእሷ ስም ዝም ያልኩት ይበቃል አልኩ። የራሴን ስም ጽፌ አስረከብኩት።

ሙላው